የአርብ አልበሞች በሙዱላ መንገድ

አርብ ጠዋት ሆሳዕና ውስጥ የጭነት መኪኖች ተራ የሚይዙበትን ሜዳ የሚያቋርጥ ሰው ተረፈን ከሩቅ ይለየዋል። ሌሎቹ ሾፌሮች ጫኝና አውራጆችን ሲያጣድፉ ወይም ቁርስ ቤት ተሰብስበው ሲያወሩ፣ እሱ የአይሱዙውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይገኛል። ዕድሜው አርባን አልፏል። ጺሙ ሁልጊዜ የተላጨ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የረጋ ሰው ስለሆነ ለማያውቀው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ይመስላል። ከጋቢናው የሚወጣው ድምፅ ግን ሌላ ነው፤ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ከበሮው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይወርዳል፣ አንድ የባዕድ አገር ሰው ደግሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል።

አርብን የመረጠው እሱ አይደለም። በዓለም ላይ አዲስ አልበም አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው አርብ ነው። ያን ዕለት ከስዊድን፣ ከብራዚል፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓን አዳዲስ የሃርድ ሮክ ሥራዎች ስልኩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁታል። ጭነቱ እስኪያልቅ ከያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል። የመጀመሪያውን ዘፈን ግን አስቀድሞ አይከፍትም። «የመጀመሪያውማ ለእንግዳ የወጣ ሳህን ነው» ይላል፤ «እኔ ጓዳቸውን ነው ማየት የምፈልገው።» ስለዚህ መሀል ላይ ያለውን ይሰማል፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው።

የጣመውን አውርዶ ለመንገድ ይይዘዋል። እውነተኛው ፈተና እዚያ ነው። አስፋልት ላይ ሁሉም ሙዚቃ ያምራል። ኮረኮንቹ ሲጀምር፣ ሸራው ሲማታ፣ ሞተሩ በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱ ላይ ሲያቃስት፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ዜማው አልጠፋ ካለ ተረፈ ራሱን ይነቀንቅና «ይኼስ ሰው ሠርቶታል» ይላል።

ሾፌሮቹ «ተረፈ ሮክ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ለማሾፍ ነበር የጀመሩት። እሱ ግን ስሙን ከመውደዱ የተነሳ የመኪናው ግንባር ላይ ሊያጽፈው ቀለም ቀቢ ጠርቶ ነበር፤ ባለቤቱ ጣቢታ ናት በስንት ልመና ያስተወችው።

ይህን ሙዚቃ ያገኘው ፈልጎ አልነበረም። ገና ጎረምሳ ሳለ ጋሼ ኃይለኢየሱስ ለሚባሉ ሾፌር ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። መኪናቸው ከአዲስ አበባ የተገዛ አሮጌ ሲሆን ቴፑ ውስጥ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ ቀርቷል። አልወጣም ብሏል። ሬዲዮኑም አይሠራም። ጋሼ ኃይለኢየሱስ ደግሞ መንገድ ላይ ዝምታ የማይችሉ፣ ዝም ካለ እንቅልፍ የሚጥላቸው ሰው ነበሩ። ስለዚህ ከሆሳዕና ጃጁራ ቢሄዱ፣ ከሞርሲቶ ዱራሜ ቢሄዱ፣ ያ ስሙ እንኳ የተፋቀ የሮክ ካሴት ይጮኻል። ሽማግሌው ይራገማሉ፤ ጎረምሳው ጆሮውን ይሰጣል። በወሩ ተረፈ የትኛው ጊታር በየትኛው ኩርባ ላይ እንደሚነሳ ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ክሩ ተበጥሶ ካሴቱ ለዘለዓለም ጸጥ ሲል፣ ጋሼ ኃይለኢየሱስ «ተመስገን!» አሉ፤ ተረፈ ግን ዘመድ የሞተበት ያህል ሆዱ ባባ።

ከዚያ በኋላ ነው መፈለግ የጀመረው። ለጭነት አዲስ አበባ የሄደ ጊዜ አንድ ሙዚቃ ቤት ገብቶ፣ የባንዱን ስም ስለማያውቅ፣ በሰው ፊት ቆሞ ጊታሩን በአፉ አሰማ። «ጂጂጂ ጃን! ጂጂጂ ጃን!» ሻጩ በሳቅ ፈረሰ። ተረፈ አላፈረም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ እንደገና አሰማው። ሰውየው በመጨረሻ ሲዲ አወጣለት። የተፈለገው ባንድ አልነበረም፤ የሱ ዘመድ ግን ነበር። ተረፈም በዚያው ሮክ ውስጥ ገባ።

ዛሬ ቴሌግራም ላይ የራሱ ቻናል አለው። አርብ አርብ የሰማውን አልበም በአማርኛ በድምፁ ያስተዋውቃል። «ሰላም፣ ተረፈ ነኝ ከሆሳዕና» ብሎ ይጀምርና የቱ ዘፈን እንደሚሰማ፣ የቱ እንደሚዘለል ይናገራል። የአፍ መፍቻው ሀድይኛ ስለሆነ አማርኛው የአገሩን ቅላጼ ይዟል። አንድ አድማጭ «አነጋገርህን ብታስተካክል» ብሎ ቢጽፍለት «እኔ የማስተካክለው የጊታር ድምፅ ነው፤ የኔው እንዲሁ ይቆያል» ብሎ መለሰለት። ከቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑት ጋሼ ሆሴዕም ነገሩ ከንክኗቸው ቤቱ ድረስ መጥተው ነበር። ተረፈ አልሸሸም። ግጥሙን እየተረጎመ አስነበባቸው፤ ጸያፍ የሆነውን ራሱም እንደማይሰማ ነገራቸው። ጋሼ ሆሴዕ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ከታገሡ በኋላ «ኃጢአት መሆኑን እንጃ፤ ራስ ምታት መሆኑን ግን አረጋግጫለሁ» ብለው ሄዱ።

እትዬ ከበቡሽ ወደዚህ ታሪክ የገቡት በሙዱላ ጭነት ምክንያት ነው። አባታቸው በጃንሆይ ጊዜ ከሰሜን ሸዋ ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ መምህር ነበሩ። እሳቸው ሆሳዕና ተወልደው፣ ሆሳዕና ወልደው፣ ጫኝና አውራጆችን በሀድይኛ የሚቆጡ ነጋዴ ናቸው። ሳሙና፣ ዘይትና የላስቲክ ዕቃ ይዘው አርብ በዱራሜ አድርገው ሙዱላ ገበያ ይወርዳሉ፤ ቅዳሜ ዝንጅብል ጭነው ይመለሳሉ። ዕቃቸውን ለሰው አደራ ስለማይሰጡ ከጭነታቸው ጋር ጋቢና ውስጥ ይጓዛሉ።

በመጀመሪያው ጉዞ ገና ከከተማ ሳይወጡ ዘወር ብለው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ተበላሽቶ ነው ወይስ ተፈጥሮው ነው?»

«ተፈጥሮው ነው እትዬ ከበቡሽ። አዲስ አልበም ነው፣ ዛሬ ነው የወጣው።»

«ዛሬ? በአርብ?» ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው አነሱት። «ጾም መሆኑን አታውቅም? የሚጾመው አፍ ብቻ መሰለህ? ጆሮም ይጾማል። አጥፋው።»

ሌላ ሾፌር ቢሆን ወይ ያጠፋው ነበር ወይ ይቆጣ ነበር። ተረፈ ግን ፈገግ አለ። «እርስዎን አላስከፋም። ግን እኔም ያለዚህ አልነዳም። እስከ ዱራሜ የእርስዎ ይሁን፣ ከዱራሜ ወዲያ የኔ።»

እትዬ ከበቡሽ ትንሽ አሰቡና ከቦርሳቸው ፍላሽ አወጡ። የበገና መዝሙር ነበር። ከአንጋጫ ወዲህም ወዲያም በገናው ሲነዝር፣ ተረፈ ሳያስበው ወደ ስፒከሩ ጠጋ አለ። ያ ከታች የሚመጣው ንዝረት የሚወደውን የቤዝ ጊታር አስታወሰው። «ይኼኛውን ማን ነው የሚደረድረው?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ከበቡሽም የጠየቃቸው ከልቡ መሆኑን አይተው ስለ ደርዳሪው የሚያውቁትን ሁሉ ነገሩት። ዱራሜ ሲደርሱ ግን ቃል ቃል ነውና የሱ ተራ መጣ። ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ያዙ።

እንዲህ እያሉ ብዙ አርቦች አለፉ። እሳቸው አንድም ቀን ስለ ሮኩ ተናግረው አያውቁም፤ ተረፈም የሚሰሙት አይመስለውም ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ዝናብ እየጣለ ከሙዱላ ሲመለሱ፣ ዓለም ሁሉ ያወደሰውን የአንድ ታዋቂ ባንድ አዲስ አልበም ከፈተ። ተረፈ አልጣመውም፤ ለምን እንዳልጣመው ግን ሊገባው አልቻለም። ጊታሩ ጥሩ ነው፣ ድምፁም ኃይለኛ ነው። ጉዳዩን እያብሰለሰለ ሳለ እትዬ ከበቡሽ ከመስኮቱ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ይኼ ሰውዬ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሟቹን ስም የማያውቅ ሰው ነው።»

«ምን አሉ?»

«ከሁሉም በላይ ይጮኻል፤ ግን የሞተበት የለም። ቅድም የከፈትከው፣ ያ ድምፁ የሻከረው ልጅ፣ እሱ የራሱን ሰው ነው የቀበረው።»

ተረፈ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ለብዙ ዓመት ሲፈልገው የነበረ ቃል ከጎኑ ተቀምጦ ሲጓዝ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የገባው። ከት ብሎ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። በዚያው ሳምንት ንግግራቸውን «አንዲት እናት እንዳሉት» ብሎ ቻናሉ ላይ ደገመው። አድማጮቹ አበዱ። «ሴትዮዋ ማን ናቸው?» «ስለ አዲሱ የጀርመኖች አልበምስ ምን አሉ?» እያሉ ይጠይቁት ጀመር።

ከዚያ በኋላ ተረፈ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው የሚሉትን መጠበቅ ጀመረ። ጥያቄው እየበዛ ሲሄድ ደግሞ አንድ የማይገባ ነገር አደረገ። እትዬ ከበቡሽ በአንድ አልበም ላይ ሲናገሩ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ መቅጃውን ተጫነው። «ይኼ ከበሮ መቺ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው? ዘፋኙን እኮ አላናግር አለው!» ሲሉ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ተቀዳ። ሳይጠይቃቸው ለቀቀው። ደስ የሚላቸው መስሎት ነበር።

ቅጂው ከስልክ ስልክ ዞሮ ዱራሜ ደረሰ። የእትዬ ከበቡሽ ልጅ ዮዲት እዚያ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ እየሳቀች ስልኳን ስታሰማት፣ ዮዲት የገዛ እናቷን ድምፅ ሰማች። ወዲያው ደወለች። «እማዬ፣ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ሮክ የምትተቺው?»

በሚቀጥለው አርብ የእትዬ ከበቡሽ ዕቃ ፈትሁዲን የሚባል ሾፌር መኪና ላይ ሲጫን ተረፈ አየ። ሮጦ ሄደ።

«እትዬ ከበቡሽ፣ ምነው? ምን በደልኩ?»

እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከፍ ቢያደርጉ ይሻለው ነበር። «ከጎንህ ስቀመጥ ቤቴ የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር። ለካ አደባባይ ነበርኩ። ከእንግዲህ እኔና አንተ ሰላምታ ብቻ ነን።» ብለው በሩን ዘጉት።

ማታ ለጣቢታ ነገራት። ጣቢታ የልጆቻቸውን ዩኒፎርም እያጣጠፈች አዳመጠችው። መምህር ናትና የሰውን ጥፋት ለራሱ የማስነገር ልማድ አላት።

«ብትጠይቃቸው ምን ይሉህ ነበር?»

«እሺ ይሉ ነበር መሰለኝ።»

«ታዲያ እሺታቸውን ለምን ነፈግካቸው?»

ተረፈ ስልኩን አውጥቶ ቅጂውን አጠፋው። በማግስቱ ቻናሉ ላይ «ያለፈውን ድምፅ ያጠፋሁት የድምፁን ባለቤት ሳልጠይቅ ስለለቀቅኩት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያላችሁም አጥፉልኝ» አለ። ሰበብ አልጨመረበትም። የሚቀጥሉትን አርቦች ብቻውን ነዳ። አልበሞቹን እንደ ወትሮው ይቀምሳል፣ እንደ ወትሮው ያስተዋውቃል፤ ነገር ግን እስከ ዱራሜ ያለው መንገድ ያለ በገናው ረዘመበት።

አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ጣቢታን ይዞ እትዬ ከበቡሽ ቤት ሄደ። ሽማግሌ መላክ እንዳለበት የመከሩት ነበሩ፤ እሱ ግን በገዛ እግሩ መሄዱን መረጠ። እትዬ ከበቡሽ ጣቢታን አቅፈው ሳሟት፤ እሱን በእጃቸው ወንበር አሳዩት።

«ሊያስታርቀኝ የሚመጣ ሰው አልፈለግኩም» አለ ተረፈ ሳይቀመጥ። «ጥፋቴን አውቄዋለሁ። ድምፅዎ የእርስዎ ነው። ሳልጠይቅ ወሰድኩት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መኪናዬ ላይ ባይመለሱም ይህን ልነግርዎ ይገባኛል።»

«እኔ እኮ የፈራሁት ሰው ነው» አሉ እትዬ ከበቡሽ። «ንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል፣ ጎረቤቱ ከበቡሽ በስተርጅና ዘፈን ቤት ገባች ይለኛል ብዬ ነው።» ወደ ጣቢታም ዞር አሉ። «ለመሆኑ ሰዉ ምን አለ?»

ጣቢታ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «ሁሉም እርስዎን ነው የሚጠይቀው። ተረፈን የሚፈልገው ሰው ጠፍቷል።»

«ይገባዋል!» አሉ እትዬ ከበቡሽ፤ ፊታቸው ግን ተፈታ። ከዚያ እንደ ነጋዴነታቸው ውላቸውን ዘረዘሩ። ስማቸው አይጠራም። አርብ ስለማንኛውም ዘፈን አይናገሩም፤ ቅዳሜ ሲመለሱ ብቻ ነው። የትኛው ንግግራቸው እንደሚወጣና የትኛው እንደሚቀር የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። «ደግሞም አንተ ውዳሴ ታበዛለህ» ብለው ጨመሩ፤ «አንድ ጊታር በሰማህ ቁጥር ‹ተአምር ነው› ትላለህ። ተአምር እንደዚያ አይረክስም።»

«እሺ» አለ ተረፈ።

«ፈትሁዲን ጥሩ ልጅ ነው፣ ምንም አልበደለኝም። ግን ምንም ሳይሰማ ነው የሚነዳው። ዝም ብሎ የሚነዳ ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም፤ ያስፈራኛል።»

በሚቀጥለው አርብ ጋቢናው ውስጥ ነበሩ።

ወራት ካለፉ በኋላ ተረፈ ያልጠበቀው ነገር መጣ። ሚክያስ የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት ጻፈለት። አራት ሆነው ባንድ አቋቁመዋል፤ ሃርድ ሮክ በአማርኛ ሠርተዋል፤ የመጀመሪያ አልበማቸው በቅርቡ ይወጣል። «ከእርስዎና ከእናታችን በፊት ማንም እንዲሰማው አልፈለግንም» ብሎ ሙሉውን ልኮለታል። ተረፈ መልእክቱን ለጣቢታ ጮክ ብሎ አነበበላት። አልበም ከመውጣቱ በፊት ሲላክለት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሳይሰማው ወደደው።

ቅዳሜ ዝንጅብሉ ተጭኖ ከሙዱላ እንደወጡ፣ ልማዱን ትቶ ከመጀመሪያው ከፈተው። የመጀመሪያው ዘፈን ጉልበት ነበረው። ሁለተኛውም። ተረፈ መሪውን በጣቶቹ እየመታ የእትዬ ከበቡሽን ፊት በጎን ይሰርቃል። እሳቸው ግንባራቸውን ቋጥረዋል። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ቋጠሮው ተፈታ። ዘፈኑ ጡረታ ስለወጣ አባት ነው። አባትየው ጠዋት እንደ ወትሮው ተነስቶ፣ ክራባቱን አስሮ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ከዚያ የሚሄድበት ስለሌለ ሳሎን ይቀመጣል።

«ይኼን ድገመው» አሉ። ደገመው። አልበሙ ካለቀ በኋላ ወደሱ ዞሩ።

«ልጁ አባቱን ሲዘፍን አማርኛው የቤቱ አማርኛ ነው። ሌሎቹ ላይ ግን ምን ሆነ? ‹ልቤ› ማለት አቅቶት ‹ሊቢዬ› ይላል። ፈረንጅ የሚያስተምረው ይመስላል እኮ! ጊታሩም የሳሳ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ብርድ ላይ ቆሞ እንደሚጫወተው።»

ጊታሩ መሳሳቱን ተረፈም አስተውሏል። «ልጆቹ እኮ አምነውን ነው የላኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ጀማሪዎች ናቸው፤ የአገራችን ልጆችም ናቸው።»

«አምነውህ ከላኩማ እውነቱን ፈልገው ነው። ውዳሴ የፈለገ ሰው አዲስ አበባ ይሞላለታል፤ ሙዱላ ድረስ አይልክም።»

ተረፈ ያን ቀን ማታ ለሚክያስ በግሉ የድምፅ መልእክት ላከለት። የወደደውን ወደድኩ አለ፤ ስለ አማርኛውም ስለ ጊታሩም ሳይሸፋፍን ነገረው። ሚክያስ በማግስቱ ደወለ። ተቆጥቷል።

«ስለ ድምፄ ያላችሁትን ልቀበል፤ ጊታሩ ግን ምኑ ነው የሳሳው? ሁለት ጊታር ነው ያለው! ከሁሉም በላይ የለፋነው እሱ ላይ ነው።»

«ሁለት?» አለ ተረፈ። «እኔ የሰማሁት አንድ ነው።»

«ሁለት ነው!»

«እንግዲያው መጥተህ አብረን እንስማው። አርብ ጠዋት እንነሳለን።»

ተረፈ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። ሚክያስ ግን ሐሙስ ማታ ሆሳዕና ገባ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጸጉሩን ከኋላ ያሰረ ልጅ ነው። እትዬ ከበቡሽ ሲያዩት መጀመሪያ የጠየቁት ቁርስ መብላቱን ነበር። እስከ ዱራሜ ሦስቱም ተጠጋግተው በገና አዳመጡ። ከዱራሜ ወዲያ ተረፈ አልበሙን ከፈተ። ሚክያስ ጥቂት እንደሰማ ተነቃነቀ፣ ራሱን ወደ ግራ አዘነበለ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ ከዚያ ከበሩ ሥር ያለውን ስፒከር በእጁ መታ መታ አደረገው።

«ጋሼ ተረፈ፣ ይኼ ስፒከር እኮ አይሠራም!»

«የቱ?»

«የቀኙ! ሞቷል። ሁለተኛው ጊታር ያለው በቀኝ በኩል ነው።»

ተረፈ መኪናውን አቆመ። ወርዶ ዞሮ ሄደና ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ጸጥ። ክረምት ላይ በዚያ በር ውሃ ገብቶ እንደነበር ትዝ አለው። ከዚያ ወዲህ የቀመሰው፣ ያመሰገነው፣ የነቀፈው አልበም ሁሉ፣ የስዊድኑም የብራዚሉም፣ ግማሹ ብቻ ነበር የተሰማው። መንገዱ ዳር ቆሞ ዓይኑ እንባ እስኪያዝል ሳቀ። ሚክያስም ንዴቱ ጠፍቶ አብሮት ሳቀ። እትዬ ከበቡሽ አርብ መሆኑን ረስተው ከመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

«ግማሹን ሰምተን ነው እንዲህ ያልነው? ሙሉውን ብንሰማ ኖሮ ምን ልንል ነው!»

ወደ ዱራሜ ተመልሰው ስፒከሩን አስቀየሩት። ከዚያ ኮረኮንቹ ላይ፣ ከሳሙናውና ከዘይቱ ክብደት ጋር፣ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙት። ሁለቱ ጊታሮች ከግራና ከቀኝ ሲነጋገሩ ተረፈ ራሱን ነቀነቀ። «ይኼስ ሰው ሠርቶታል» አለ። ሚክያስ ግን የገዛ ድምፁን ነበር የሚያዳምጠው። አምስተኛው ዘፈን አልቆ ስድስተኛው ሲጀምር፣ ገና የመጀመሪያውን ስንኝ እንደሰማ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ።

«‹ሊቢዬ›» አለ። «እውነት ነው። ‹ሊቢዬ› ነው የምለው።»

እትዬ ከበቡሽ ጾማቸውን አስበው አልመለሱለትም፤ ትከሻውን ብቻ ቸብ ቸብ አደረጉት።

የዚያን ሳምንት ተረፈ በቻናሉ ላይ የስፒከሩን ነገር ከነሳቁ ተናገረ። ግማሹን ብቻ ሰምቶ የፈረደባቸውን አልበሞች ሁሉ እንደ አዲስ ሊሰማቸው ቃል ገባ፤ ሰማቸውም። አንዳንዶቹ ላይ ቃሉን አነሳ፣ ሌሎቹ ላይ አጸና። እትዬ ከበቡሽ ግን በለቅሶ ቤቱ ሰውዬ ላይ የተናገሩትን እንኳንስ በሁለት በአራት ስፒከርም አላነሱም።

ሚክያስና ጓደኞቹ ድምፁን በአምስት ዘፈኖች ላይ እንደገና ቀዱ። አልበሙ ከታሰበው ጊዜ ዘግይቶ በአንድ አርብ ወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ የወደደው ወደደው፣ ያልገባው አልገባውም። ተረፈ ሲያስተዋውቀው «ተአምር ነው» አላለም። «በሁለት ጊታር፣ በአንድ አባትና በራሳቸው አማርኛ የተሠራ ነው፤ ከመሀሉ ጀምሩት» ነው ያለው።

አሁንም እትዬ ከበቡሽ ከጎኑ መጓዛቸውን አላቋረጡም። ቅዳሜ ከገበያው ድካም ጋር ሲመለሱ አንዳንዴ በአንድ የኖርዌይ ባንድ ጩኸት መሀል አንገታቸው ዘንበል ብሎ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተረፈ እንዳይረበሹ ብሎ ድምፁን ይቀንስ ነበር። አሁን ተምሯል፤ አይነካውም። የሚነቁት ሲቀንሰው ነው።